ጨው ውስጥ የሚኖሩት

ቀለሟ ከአውቶቡሱ እንደ ወረደች ዓይኗ የፈለገው ጆቴን ነበር።

ከምጽዋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ አድርጋ ነቀምቴ እስክትገባ፣ ያን ሁሉ መንገድ ያሳጠረላት «ቆሞ ይጠብቀኛል» የሚል ሐሳብ ነው። የምትደርስበትን ቀን ጽፋለታለች። ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ቃል የገባላትም እሱ ራሱ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ከዘመዱ ጋር ተቃቅፎ፣ «አካም ጅርታ? ነጋያ?» ተባብሎ ተበተነ። የመጋቢት ፀሐይና እሷ ብቻ ቀሩ። ጆቴ የለም።

ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ሰፈራቸው ወደ ጨለለቂ ወረደች። እቤት ስትደርስ አባቷ ኦቦ ኩማ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሥራ ቀን ነው፤ ፀሐይዋም ገና አናት ላይ ናት። በዚህ ሰዓት አባቷን እቤት አግኝታቸው አታውቅም።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ! ነይ ልጄ!» ብለው ተነሡ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ፤ ከዚያ አቀፏት። ክንዳቸው ውስጥ ስትገባ መክሳታቸው ታወቃት።

«አባ፣ ምነው እቤት ዋሉ? አሞዎታል እንዴ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ታዲያ መጋዘኑስ?»

ኦቦ ኩማ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። «ቆዳው ደማ አሉ» አሉ ቀስ ብለው። «ከአዲስ አበባ ጭነቱን መለሱት። መጋዘን ውስጥ የተከመረውም ቀልቶ ተገኘ። ጨው የነሰነስኩት እኔ ነኝና የእኔ እጅ ነው አሉ። ቀኛዝማች አሰናበቱኝ።»

ኦቦ ኩማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ ሲፍቁ፣ ቆዳ ሲያለፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም እንዲሁ ነበሩ። በዚያ አገር ቆዳ ፋቂ ከሰው ጋር ይሠራል እንጂ ከሰው ጋር አይጋባም። በጸሎት ቤት ከጎናቸው ተቀምጠው የሚዘምሩት ጎረቤቶች እንኳ ሰርግ በደገሱ ጊዜ እሳቸውን መጥራት ይረሳሉ። ከእናቷ ሞት በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓት አንድ ልጃቸው ቀለሟ ግን በሚስዮን ትምህርት ቤት አንደኛ እየወጣች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ሕይወት ተምራ ተመረቀች። አሁን ምጽዋ ላይ፣ ከቀይ ባሕር ዳር፣ ለአንድ ፕሮፌሰር በረዳትነት ትሠራለች።

ጆቴን ያወቀችውም ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ከተማ አድገው አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም ነበር፤ እሱ የቀኛዝማች መገርሳ ልጅ ነው፣ አባቷን ቀጥረው የሚያሠሩት የትልቁ ቆዳ ነጋዴ ልጅ። አዲስ አበባ ላይ ግን ሁለቱም የነቀምቴ ልጆች ሆኑ። «የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ለእኔ ምንም ማለት አይደለም» አላት አንድ ቀን። ያን ቃል ይዛ ነው ሁለት ዓመት የኖረችው።

«ጆቴ ይህን ያውቃል?» አለች አባቷን።

«ምን የማያውቀው አለ» አሉ ኦቦ ኩማ፤ ዓይናቸውን ግን ወደ መሬት አወረዱ።

አውቆ አልጻፈላትም። ከመንገዱ ድካም ይልቅ ይህ ከበዳት።

*

በማግስቱ ጠዋት በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወደሚገኘው መጋዘን ብቻዋን ሄደች። አባቷ «ተይ፣ አትሂጂ» ብለው ለምነዋት ነበር።

ቆርቆሮ ጣሪያው ፀሐይ ጠጥቶ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። ቀኛዝማች መገርሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ከክምሩ አጠገብ ቆመዋል። ወላጆቻቸው ከሸዋ መጥተው እዚያው የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺአረግ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል። ጆቴ በሩ ጋ ነበር። ቀለሟን ሲያያት ዓይኖቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ወዲያው አባቱን አስታወሱና ጠፉ።

«እንደምን አደሩ፣ ቀኛዝማች። የኩማ ልጅ ነኝ።»

«አውቅሻለሁ። ለልመና ከሆነ አትድከሚ።»

«ለልመና አይደለም የመጣሁት። ቆዳውን ለማየት ነው።»

ቀኛዝማች በከዘራቸው ወደ ክምሩ አመለከቱ። ቀለሟ ጎንበስ ብላ የላይኛውን ቆዳ ገለበጠች። ሥጋ በነበረበት በኩል ቀይ ሽፋን ተዘርግቷል፤ አንዳንዱ ቦታ እንደ ሮዝ፣ አንዳንዱ ቦታ እንደ በርበሬ። በጣቷ ስትነካው ያሟልጫል። ይህን ቅላት ከእጇ መዳፍ እኩል ታውቀዋለች።

«እኔ ከመጀመሪያው ተናግሬ ነበር» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ። «የሞተ ከብት እንደገና ደማ ሲባል የት ተሰምቶ ያውቃል? የእነዚህ ሰዎች እጅ ያረፈበት…»

«ተይ እስቲ፣ የሺ» አሉ ቀኛዝማች።

ቀለሟ ቀና አለች። «ደም አይደለም። የአባቴም እጅ የለበትም። ከጨው ጋር የመጣ ነው።»

«ከጨው?»

«ዘንድሮ ከባሕር ዳር በጆንያ የመጣውን ጨው አይደል የተጠቀማችሁት? እኔ እዚያ ነው የምሠራው። የባሕሩን ውሃ በቦይ እየሳቡ ሰፋፊ ገንዳ ውስጥ ያስተኙታል። ፀሐይ ውሃውን ትጠጣለች፣ ጨዉ ይበረታል። ዓሣ አይኖርበትም፣ ሣር አይበቅልበትም። ያን ጊዜ ገንዳው ይቀላል፣ ልክ እንደዚህ። ቅላቱ ሕይወት ነው፤ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው። ውሃው ሲደርቅ ከጨዉ ጋር አብረው ይታፈሳሉ፤ ከጆንያው ጋር ነቀምቴ ድረስ ይመጣሉ። እርጥብ ቆዳና ሙቀት ሲያገኙ ይነሣሉ።»

ቀኛዝማች ከክምሩ አንድ ቆዳ በከዘራቸው ገለበጡ። ሰውየው ጨካኝ ቢሆኑም ቂል አልነበሩም። «ጨው ቆዳን ከመበላሸት የሚከላከል ነው ሲባል ነው የኖርነው። ጨው ራሱ ያበላሻል ትይኛለሽ?»

«ሌላውን ሁሉ ይገድላል። እነዚህን ብቻ ያኖራቸዋል። ጨው ከሌለ እነሱም የሉም።»

«ወሬ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ።

«ወሬ ከሆነ ይታያል። ቀኛዝማች፣ ዛሬ ከታረደ በሬ አንድ ቆዳ ይስጡኝ። ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱ ከጆንያው በወጣው ጨው ይነሰነሳል። ሌላው ከዚያው ጆንያ ወስጄ በብረት ምጣድ በደንብ በቆላሁት ጨው። እሳት ይገድላቸዋል። ሁለቱንም ሙቅ ቦታ እናስቀምጣቸው። ጥፋቱ የአባቴ እጅ ከሆነ ሁለቱም ይቀላሉ።»

«ጨዉን የሚነሰንሰው ማነው?»

«አባቴ ናቸው። በራሳቸው እጅ።»

ቀኛዝማች ከዘራቸውን መሬት ላይ አንዴ ተከሉ። «በእኔ ማኅተም ይታሸጋል። ጨዉ ከሆነ ጥፋተኛው፣ በሽማግሌ ፊት አባትሽን አነጻዋለሁ። ካልሆነ ግን ሁለታችሁም ከዚህ ከተማ ትወጣላችሁ።»

ቀለሟ ስትወጣ ጆቴ በሩ ላይ አጠገቧ ደረሰ። እጁ እጇን ለቅጽበት ነካ። የትናንቱ ቅሬታ ሁሉ በዚያች ንክኪ ቀለጠ፤ እንዲህ ቶሎ በመቅለጡም በራሷ አፈረች።

*

ሁለቱ የቆዳ ቁራጮች የገቡባቸውን የብስኩት ቆርቆሮዎች ጉራጌው ዳቦ ጋጋሪ አቶ ገብረወልድ ተቀበሏቸው፤ ከምድጃቸው በላይ ያለው መደርደሪያ ሌት ተቀን ሙቅ ነው። ኦቦ ኩማ ሁለቱንም ቁራጭ በሽማግሌዎች ፊት ነስንሰው አጥፈዋቸዋል፤ ቀኛዝማች በሰም አሽገዋቸዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር።

ጆቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መምጣት ጀመረ። «ሰሙ አለመሰበሩን ልይ ብዬ ነው» ይላል። ዳቦ ቤቱ በዚያ ሰዓት ጸጥ ይላል። ቀለሟ ከከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋሰችውን ማይክሮስኮፕ መስኮቱ ጋ አስቀምጣለች። ከቀላው ክምር የፋቀችውን ቅንጣት በጨው ውሃ በጥብጣ አዘጋጀችለት።

«ለምን በንጹሕ ውሃ አታደርጊውም?»

«ይፈነዳሉ። ንጹሕ ውሃ ለእነሱ መርዝ ነው። ና እይ።»

ጎንበስ አለ። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ወደቀ። «ምንም… ቆይ። ቆይ! እንደ ተበጣጠሰ ክር ያለ ነገር ይንቀሳቀሳል!»

«እነሱ ናቸው።»

ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ የሕፃን ፊት መሰለ። አዲስ አበባ ላይ የወደደችው ይህን ፊት ነው። ስለዚያ ባሕር ዳር አንድ በአንድ ጠየቃት። እሷም ነገረችው፤ ከገንዳዎቹ ዳር ያለውን መሬት በቢላዋ ሲቆርጡት እንደ ድርብርብ ጨርቅ እንደሆነ፤ ላዩ ቢጫ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከሁሉ በታች ጥቁር። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሕዝብ ነው። አረንጓዴዎቹ ከፀሐይ ምግብ ይሠራሉ፣ ሌሎቹ የእነሱን ትርፍ ይበላሉ፣ የታችኞቹ ደግሞ የላይኞቹን ሬሳ። አንዱ ከሌለ ሌላው አይኖርም።

«እንዲህ እየጻፍሽልኝ ነበር» አለ ጆቴ። «እያንዳንዱን ደብዳቤ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«አንተ ግን መጻፍ ተውክ። ከገና ወዲህ የጻፍክልኝ ሁሉ ቢደመር አንድ ገጽ አይሞላም።»

«የሚጻፍ ጠፍቶ አይደለም፣ ቀለሟ። አንድ ነገር ላመቻች እየለፋሁ ነበር። ለእኛ። ሲያልቅ ልነግርሽ ፈልጌ ነው።»

«የአባቴንስ ነገር?»

«አባቴን ለምኜ ነበር። እንቢ አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» ድምፁ ተሰበረ። «ይሄ ቆርቆሮ ይከፈት ብቻ። አባቴ በዓይኑ ካየ በመካከላችን የሚቆም ነገር አይኖርም። እምላለሁ።»

አመነችው። ማመን ደስ ይል ነበርና።

ጆቴ ሲሄድ አቶ ገብረወልድ የዱቄት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። «ልጄ፣ እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ብዙ ያያል። አትቆጪኝና አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህ ልጅ እዚህ ውስጥ አባትሽን በአክብሮት ‹ኦቦ ኩማ› ይላቸዋል። ከዚያ በር ወጣ ሲል ግን ‹ኩማ› ነው የሚላቸው።»

«አባቱ ስለሚሰሙት ነው» አለች ቀለሟ ቶሎ ብላ።

«እንደ አፍሽ ያርገው።»

ያን ቀን ለአቶ ገብረወልድ ደኅና ዋሉ ሳትል ወጣች። የተናደደችው ውሸት ስለተናገሩ አልነበረም።

*

ቆርቆሮዎቹ የተከፈቱት ከፋሲካ በኋላ፣ በመጋዘኑ ግቢ ውስጥ፣ ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች በተሰበሰቡበት ነው። ኦቦ ኩማ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከሁሉ ኋላ ቆመዋል።

ቀኛዝማች የመጀመሪያውን ሰም ሰበሩ፤ የተቆላ ጨው የገባበት ነው። ቆዳው ነጭ፣ ጠንካራ፣ ሽታው ደኅና። ሁለተኛውን ሰበሩ። ክዳኑ ሲነሣ አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ አሉ። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል።

 ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ዋቃዮ! አምላኬ!» ሲሉ ግቢው በአንድ ጊዜ ተንጫጫ።

ቀኛዝማች እጃቸውን አነሡ። «ኩማ!»

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«ወደ ፊት ቅረብ። ሰው ሁሉ ይስማ፤ ይህ ሰው ጥፋት የለበትም። አንድ ቆዳ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ጆንያ። ያበላሸው ጨዉ ነው። ነገ ሥራህ ግባ።»

ኦቦ ኩማ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ቀለሟ ከዚያ ማጎንበስ በቀር ሁሉንም ነገር ወደደችው። ወይዘሮ የሺአረግ እንኳ ነጠላቸውን ብቻ አስተካከሉ። ቀኛዝማች ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ላይ እውነተኛ አድናቆት ነበር።

«አእምሮሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ። «የማን ልጅ እንደሆንሽ እስኪያስረሳ ድረስ።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ በበጎ ነበር የሳቁት። ጆቴም ሳቀ። ቀለሟም ከሰው ጋር ለመሳቅ ሞከረች።

*

ከሰዓት በኋላ ጆቴ ወደ ጸሎት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠበቃት። ሮጦ የመጣ ይመስል ያለከልካል።

«አለቀ! ቀለሟ፣ አለቀ! አባቴ ፈቀደ!»

 መንገድ ዳር ካለ ግንድ ላይ ተቀመጠች። «እንድንጋባ?»

«እንድንጋባ! ዛሬ ምሳ ላይ አፉን ሞልቶ ነገረኝ። እናቴም አልተቃወመችም። አዲስ አበባ ላይ መደብር ይከፍትልናል፤ ሰርጉም እዚያው ይሆናል። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ትቀጠሪያለሽ፣ ማይክሮስኮፕሽን ይዘሽ…» እጆቿን ይዞ ሳማቸው። «አላልኩሽም? ከገና ጀምሮ የለፋሁበት ይህ ነው።»

ቀለሟ ሳቀች፣ አለቀሰች፤ የትኛው እንደ ቀደመ ራሷም አታውቅም። «ለአባቴ አሁኑኑ ልንገራቸው። አዲስ አበባን አይተው አያውቁም። ለሰርጉ ኮት እገዛላቸዋለሁ…»

ጆቴ እጆቿን ለቀቀ።

«ምነው?»

«ቀለሟ… ሰርጉ ላይ እንደ አባት የሚቆሙልሽ ሰው አግኝተናል። ከጊምቢ ናቸው፤ የተከበሩ ሽማግሌ። በሚስዮን ያሳደግኋት እኔ ነኝ ይላሉ።»

«እንደ አባት? እኔ አባት አለኝ።»

«ታዲያ ማን የለሽም አለ? ይኸውልሽ፣ የአባቴን ዘመዶች ታውቂያቸዋለሽ። እኔ ለእነሱ… ወላጆቿ ሞተዋል፣ ሚስዮን ነው ያሳደጋት ብያቸዋለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቁት። አባቴ የፈቀደው በዚህ ነው። ኦቦ ኩማ እኛ ጋ አይመጡም፣ እኛም እዚህ በግልጽ አንመላለስም። ልጆች ሲወለዱም እንዲሁ። ግን ምንም አይጎድልባቸውም!»

«ጆቴ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። «ማይክሮስኮፑን አንተ ራስህ አየህ።»

«አየሁ።»

«የአባቴ እጅ እንደ ማንም ሰው እጅ መሆኑን አየህ።»

«እኔ መቼም ተጠራጥሬ አላውቅም!» ጮኸ። «ከመጀመሪያው አውቃለሁ! እኔ አላዋቂ መሰልኩሽ?»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ባያውቅ ኖሮ ታስተምረው ነበር። ባያይ ታሳየው ነበር። የሚያውቅን ሰው ግን ምን ታደርገዋለች?

«አልገድላቸውም» አለች።

«ማንን?»

«አባቴን። በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ብዬ ድግስ አልበላም።»

«ቀለሟ፣ ስሚኝ። እሳቸው ተስማምተዋል!»

ቀና ብላ አየችው።

«ገና ሰሞን ሄጄ አነጋገርኳቸው። አለቀስኩ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹ለእሷ ደስታ ከሆነ ሞቷል በሏቸው› አሉኝ። በራሳቸው አፍ! አንቺ ነሽ አሁን የምታፈርሺው።»

ቀለሟ ከግንዱ ተነሣች። ጆቴ ስሟን እየጠራ ትንሽ መንገድ ተከተላት። ሰዎች ብቅ ሲሉ ግን ቆመ፤ እሷም መቆሙን ጀርባዋን ሰጥታ አወቀችው። በዚያች ቅጽበት ከፍቅሯ ውስጥ የቀረው ንቀት ብቻ ነበር፤ ንቀት ደግሞ ከጥላቻ ይልቅ ያማል።

*

ኦቦ ኩማ ለነገ ሥራ ቢላቸውን እየሳሉ ነበር። ስትገባ ፊቷን አይተው ድንጋዩን አስቀመጡ።

«ነገረሽ?»

«እውነት ነው፣ አባ?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ?» አሉ ኦቦ ኩማ። «እኔ ምን አለኝ? ስትማሪ የለፋሁት ከዚህ ቤት እንድትወጪ ነው። ወጥተሽ በሩን እንድትዘጊው ነው። ልጁ መጣ፣ እዚህ ተቀምጦ አለቀሰ። ይወድሻል። እኔ ሞቻለሁ ማለት ምንድን ነው? ቃል ነው። አልቀበርም፣ አልታመምም። በሩቅ ሆኜ ወሬሽን እሰማለሁ።»

«እኔ እንቢ ብዬዋለሁ።»

አባቷ ቀስ ብለው ተነሡ። ሊያቅፏት ሳይሆን ሊመቷት የተነሡ እስኪመስል ድረስ ፊታቸው ተለዋወጠ። በዕድሜዋ ጮኸውባት አያውቁም።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ። «ማን ጠየቀሽ፣ ቀለሟ? ያለኝን አንድ ነገር ሰጥቼ ነበር! ከገና ጀምሮ ራሴን እያስለመድኩ፣ ልጅ የለኝም እያልኩ፣ አንጀቴን እየቆረጥኩ ለምጄው ነበር! አንቺ መጥተሽ ጣልሽው! አሁን ለማን ትሆኛለሽ? የቆዳ ፋቂ ልጅ ብሎ ማን ይወስድሻል? እኔ ስሞት ማን አለሽ?»

«አባ…»

«ሂጂ! ተዪኝ!»

ቀለሟ እግራቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልነኳትም፤ እሷም አልነካቻቸውም። መሥዋዕትነታቸውን እንደ ስድብ እንደመለሰችባቸው ገባት። እሷ ስለ እሳቸው ብላ ያደረገችው፣ እሳቸው ስለ እሷ ብለው ያደረጉትን አፍርሶታል። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ማጽናናት አልቻለም።

*

ለጆቴ ሰኔ ሳይገባ ከአርጆ አንዲት የባላባት ልጅ አጩለት። ቀለሟ ይህን የሰማችው እዚያው ነቀምቴ እያለች ነው፤ ፈቃዷን ያራዘመችው አባቷ እስኪታረቋት ድረስ ነበር። ኦቦ ኩማ መታረቁን ታርቀዋታል። ጠዋት ወደ መጋዘኑ ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፣ እራት አብረው ይበላሉ። ቀኛዝማች ቀለሟ እንደ መከረቻቸው ቆዳው በቆርቆሮ ሥር በሙቀት እንዳይከርም አዝዘዋል፤ ምክሯ ሠርቷል፣ ንግዱም ቀንቷል። በቤታቸው ውስጥ ግን ስለዚያ ቀን የሚያነሣ አልነበረም።

በምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን አውቶቡስ ተራ ድረስ የተሸከሙላት እሳቸው ናቸው። ጣሪያው ላይ ለሚጭነው ሰው አቀበሉ፤ ግንባሯን ሳሙ። «ጋላቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ስለ ምን እንዳመሰገኗት አልነገሯትም። ቀለሟ ገብታ መስኮት ጋ ተቀመጠች። ከውጭ ቆመው ሲያዩዋት እጇን አወዛወዘችላቸው። ተሳፋሪው መግባት ጀመረ፤ ከጸሎት ቤት የምታውቃቸው ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ አንድ የቀኛዝማች ዘመድ።

አጠገቧ አንዲት ወፈር ያሉ የሸዋ ሴት ዘንቢላቸውን አቅፈው ተቀመጡ። «ብቻሽን ነሽ፣ ልጄ? ሸኚም የለሽ?»

«አለኝ» አለች ቀለሟ። ሆን ብላ ከፍ አድርጋ ተናገረች፤ ከኋላ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ነው። «አባቴ ናቸው። እዚያ…»

ጣቷን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። ቆመውበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ሰው ሲበዛ፣ ማንም ከእሷ ጋር ሳያያቸው፣ እንደለመዱት ቀስ ብለው ሄደዋል። በገበያው መንገድ፣ በታክሲዎቹ መካከል፣ በጥላው በኩል ፈለገቻቸው። የሉም።

«አባቴ…» አለች። «እዚያ ነበሩ።»

ሴትዮዋ የፊቷን መለወጥ አይተው በሐዘኔታ ክንዷን ነኩ። «ውይ፣ የእኔ ልጅ! ነፍስ ይማር።»

«አልሞቱም!»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሴትዮዋ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

ቀለሟ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከጆቴ ስትለይ አንዲት ጠብታ ያልወጣው ዓይኗ፣ ለአባቷ ሲሆን እስከ ባኮ ድረስ አልቆመም።